ሁዳዴን የዘለለ የወሊድ ፈቃድ

ሰው ለመንግሥት የሚዋሸው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ግብር ነው። አንዳንዱ ስለ ዕድሜው፣ አንዳንዱ ስለ ትምህርት ማስረጃው ይዋሻል። እኔ የዋሸሁት ስለ መጋቢት ወር ነው። ይኸው ስንት ዓመት አልፎት ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል፤ ብታዩኝ በርበሬ ስትወቅጥ የዋለች ትመስላለች ትሉ ነበር።

አስቀድሞ አንድ ነገር ይታወቅልኝ። ባለትዳር ነኝ። በሽማግሌ የተጠየቅሁ፣ በጥር የተዳርሁ፣ ሙሽራ ተብዬ የተዘፈነልኝ ሴት ነኝ። ስለዚህ "ሳታገባ አርግዛ ይሆናል" ብሎ ልቡን ያንጠለጠለ አንባቢ ካለ ያውርደው። የእኔ ጥፋት ከዚያ ያነሰ ነው፤ እፍረቱ ግን አላነሰም።

ባለቤቴ አበባው ቡሬ አካባቢ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያስተምራል። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከሠርጋችን በኋላ እሱ ወደ ጠመኔው፣ እኔ ወደ ፋይሌ ተመለስን፤ በየሦስት ሳምንቱ ዓርብ ማታ ይመጣል፣ እሑድ ከሰዓት ይሄዳል። በዚያ ዓመት ሁዳዴ የገባው በየካቲት ማለቂያ ነበር። ደብረ ዘይት ሲደርስ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያን የዓለምን ፍጻሜ በምታስተምርበት ሰሞን፣ አበባው ከገጠር መጣ። ከዚህ በላይ እንድናገር አትጠብቁ። ሰባኪው ዓለም እንደምታልፍ ሲያስተምር እኛ በበኩላችን እንዳታልፍ አድርገን ተገኘን፤ በቃ።

ይህ በእኔና በአበባው መካከል የሚቀር ነገር በሆነ ነበር። ችግሩ አማቴ፣ የአበባው አባት ናቸው። አማቴን አገሩ ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። መሪጌታ ናቸው። ቅኔ ያውቃሉ፣ ዜማ ያውቃሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ግን በባሕረ ሐሳብ ነው፤ ጾሙና በዓሉ በየትኛው ቀን እንደሚውል በሚሰላበት በቤተ ክርስቲያኑ የዘመን ቆጠራ ማለቴ ነው። ሌላው መጽሐፍ ገልጦ የሚሠራውን የኔታ በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነኩ ይጨርሱታል። "ነነዌ መቼ ትገባለች?" ሲሏቸው ገበያ መሐል ቆመው፣ አህያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ቆጥረው ይመልሳሉ። የእንዲህ ያለ ሰው ምራት ሆኖ በሁዳዴ መፀነስ፣ ዳኛ ቤት ገብቶ በግ እንደ መስረቅ ነው።

ማርገዜን ሳውቅ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ነው። ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ከታኅሣሥ ወደ ኋላ ቆጠርሁ፤ መጋቢት ላይ አረፈ። ጳጉሜን ጨምሬ ቆጠርሁ፤ እዚያው። ጳጉሜን ቀንሼ ቆጠርሁ፤ ይባስ ብሎ ወደ ጾሙ መሐል ገባ። ከዚያ ወዲያ መቁጠሩን ተውሁት።

ጤና ጣቢያ ስሄድ የተቀበለችኝ ሲስተር ብርቱካን ነበረች። ወጣት ናት፣ ትሑት ናት፣ ድምፅዋ ግን ለሰልፍ የተፈጠረ ነው። በእኛና ወረፋ በሚጠብቁት ሴቶች መካከል ያለው አንድ ስስ መጋረጃ ብቻ ነው።

"የመጨረሻውን የወር አበባሽን ያየሽው መቼ ነው?" አለችኝ።

ከመጋረጃው ወዲያ ወሬ ቆመ። እንዲያው ለእኔ መስሎኝ ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ቆመ። እውነተኛው ቀን መጋቢት ሦስት ነው። አፌን ስከፍት ግን የወጣው፣

"ሚያዝያ ሃያ" የሚል ነው።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"ፋሲካ ካለፈ በኋላ ማለት ነው?"

"በደንብ ካለፈ በኋላ!" አልሁ፣ ወረፋ የሚጠብቁትም እንዲሰሙልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሲስተር ብርቱካን ቀን የምታሰላበትን ክብ ካርቶኗን አዞረች፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰች፣ ካርዴ ላይም የመውለጃዬን ቀን ጥር ሃያ አምስት ብላ ጻፈች። ከዚያ ሆዴን በሜትር ለካችና ፊቷን ቋጠር አደረገች። "ሆድሽ ከቀንሽ ይቀድማል" አለች። "ቀኑን ዘንግተሽው እንዳይሆን?" እኔም አልዘነጋሁም ብዬ ማልሁ። ምን ታድርግ፣ "ምናልባት መንታ ይሆናል፤ ሲገፋ እናየዋለን" ብላ ሸኘችኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ውሸት ግን በየሳምንቱ ክብደት ይጨምር ነበር። "መንታ ይሆናል" ያለችውን አበባው ለየኔታ አደረሰላቸው፤ የኔታ ሸማኔ ጠርተው ሁለት ትንንሽ ቡሉኮ አሠሩ። እኔ ቡሉኮዎቹን ተቀብዬ እጅ እየነሳሁ "እግዜር ይስጥልኝ የኔታ" እላለሁ፤ በሆዴ ደግሞ፣ እባክህ አምላኬ፣ ወይ ሁለት አድርጋቸው ወይ ጥር ድረስ አቆይልኝ እላለሁ። ለጾም ገዳፊ እንዲህ ያለ ጸሎት የሚሰማ የለም።

ኅዳር ሲገባ እግሬ አበጠ። ጫማ እምቢ አለኝ። የመዝገብ ቤቱ የላይኛው መደርደሪያ ላይ መንጠላጠል ቀርቶ ከወንበር መነሣት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። እየተንፏቀቅሁ የሰው ሀብት ባለሙያችን አቶ ዘላለም ዘንድ ገባሁ። አቶ ዘላለም ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ሁልጊዜ የሚመጣው በደብዳቤ ነው። ግድግዳቸው ላይ ትልቅ ቀን መቁጠሪያ አለ፤ የሠራተኛን ፈቃድ በመስመሪያ እየለኩ ነው የሚቆጥሩት።

"የወሊድ ፈቃዴን ልጀምር ነው" አልኋቸው።

ካርዴን አዩ። መስመሪያቸውን ጥር ሃያ አምስት ላይ አስቀመጡ፣ ወደ ኋላ ሠላሳ ቀን ጎተቱ። "ከመውለድሽ በፊት ሠላሳ፣ ከወለድሽ በኋላ ስድሳ። ያንቺ ቅድመ ወሊድ የሚጀምረው ታኅሣሥ ሃያ አምስት ነው። ገና ነሽ የኔ ልጅ።" ከዚያ ከካርዱ ቀና ብለው ሆዴን ሲያዩ መስመሪያው ከእጃቸው ወደቀ። "ለገናም የምትደርሽ አይመስለኝ" አሉ ቀስ ብለው። ደንብ ግን ደንብ ነው። የዓመት ፈቃዴን፣ ያለችኝን ሃያ ቀን ሙሉ፣ በፊርማ ሰጡኝ። ሃያውን ቀን እግሬን ትራስ ላይ ሰቅዬ በላሁት።

ልጄ የተወለደችው ታኅሣሥ ስድስት ነው፤ የዓመት ፈቃዴ እንዳለቀ። አንድ ናት። ሴት ናት። አራት ኪሎ ናት።

ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ አራት ኪሎ ልጅ ታቅፎ "በሰባት ወሯ ነው የተወለደች" ማለትም ከዚያ የሚያንስ አይደለም። ሊጠይቁኝ የመጡ የሠፈራችን ሴቶች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይሉና መጠቅለያውን ገለጥ ያደርጋሉ። ጉንጯን ያያሉ። እጇን ያያሉ፤ እጇ አንጓው ላይ በክር የታሰረ ይመስል ሁለት ቦታ ተከፍሏል። አንዷ፣ "ኧረ በሰባት ወር እንዲህ! ዘጠኙን ብትጨርስማ ቤቱም አይበቃት" አለች። ሌላዋ ደግሞ እውነት መስሏት፣ ተሎ የመጣ ልጅ ብርድ ይመታዋል ብላ በሩን ስትዘጋው፣ መስኮቱን ስትደፍነው ዋለች። እኔ አልጋዬ ላይ በላብ ተጠመቅሁ።

የኔታ በሦስተኛው ቀን ከቡሬ በኩል መጡ። ከአልጋዬ ትይዩ ተቀመጡ፣ ጸሎት አደረሱ፣ መረቁ። ከዚያ አየሁት፤ አውራ ጣታቸው ተነሣ። የጠቋሚውን አንጓ ነካ፣ የመሐሉን ነካ፣ ወደ ቀለበቱ ተሻገረ። ዓይናቸው ጣራው ላይ ነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ቆጥረው ሲጨርሱ እህ ብለው ተነፈሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። አለቀልኝ አልሁ። የፈሩት ይደርሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳያቸው ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ ዓይኔን እግራቸው ላይ እተክላለሁ። ጫማቸውን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

አሁን የእናንተን ትዕግሥት እፈልጋለሁ፤ ስሌቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣው። እስከዚያ እናትም ከልጇ አትለይም፤ ያልተጠመቀ ልጅ ጥሎ ውሎ መግባት በእናቴ ቤት የሚወራ ነገር አይደለም። መንግሥት ደግሞ ስድሳ ቀን ይሰጣል። የወንድ እናት አርባውን አድርሳ ሃያ ቀን ይተርፋታል። የሴት እናት ሃያ ቀን ይጎድላታል። ጎደሎዋን የዓመት ፈቃድ ይሞላላት ነበር፤ የእኔን ግን እግሬ በልቶታል።

ይህን የነገሩኝ አቶ ዘላለም ናቸው፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሊጠይቁኝ በመጡ ዕለት። ቀን መቁጠሪያ ከኪሳቸው አወጡ። "ቅድመ ወሊድሽ ሳይጀመር ወለድሽ፣ ስለዚህ ሠላሳው ቀረ። የካቲት ስድስት ሥራ ትገቢያለሽ" አሉ። ልጄን አየኋት። ጡቴን ይዛ ተኝታለች። የካቲት ስድስት እሷን ለማን ሰጥቼ ነው የምወጣው? እናቴ ጤፏ አውድማ ላይ ስለነበር ሦስት ሳምንት አርሳኝ ወደ መራዊ ተመልሳለች። አለቀስሁ።

አቶ ዘላለም እንባ አይችሉም። "ቆይ እስቲ" አሉ። "ይቺ ልጅ ጊዜዋን የጨረሰች ናት፤ ዓይን የለንም እንዴ? ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ስህተት ከሆነ፣ ጤና ጣቢያው ያርመው። ከታረመ ያ የዓመት ፈቃድሽ ቅድመ ወሊድ ሆኖ ይቆጠርና ሃያው ቀን ይመለስልሻል። ማነው የተሳሳተው?"

የኔታም ሊያዩን መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ስድስት የሥራ ባልደረባ ከንፈሬን ያያል። እውነቱን የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር።

"ሲስተሯ ተሳስታ ነው" አልሁ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አቶ ዘላለም በማግሥቱ በደግነታቸው ደብዳቤ ጻፉ። "ጉዳዩ፦ የተዛባ የመውለጃ ቀን እንዲታረም ስለመጠየቅ" ይላል። "በባለሙያዋ የስሌት ስህተት ሠራተኛችን የቅድመ ወሊድ ፈቃዳቸውን ያጡ በመሆኑ" ይላል። ከሥሩ ግልባጭ አለው፤ ለጤናው የበላይ፣ ለሴቶች ጉዳይ፣ ለቅሬታ ሰሚ፣ በመጨረሻም ለመዝገብ ቤት። መዝገብ ቤት እኔ ነኝ። እኔን የተካችው ልጅ ቁጥር ሰጥታ፣ አንብባ፣ ለጎን ቢሮ አስነብባ ፋይል አድርጋዋለች። አላዋቂ ሳሚ ይባላል እንጂ ምን ይባላል።

ጥሪው የመጣው ልጄ አርባ አምስት ቀን ሞልቷት ክትባት በምትጀምርበት ሰሞን ነው። "ለማጣራት ስለምንፈልግ እግረ መንገድዎን ኃላፊው ቢሮ ይምጡ" ይላል። አራስ ብቻዋን አትወጣም። አበባው ትምህርት ቤት ነው። ማን ይዞኝ ይሂድ? የኔታ፣ ለቅዳሜ ገበያ ብለው መጥተው እስከ ሰኞ የሰነበቱት፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆመዋል። "ነይ ልጄ፣ እኔ አደርስሻለሁ" አሉ። እኔም እናቴ እንዳዘዘችኝ ትንሽ ቢላዋ በመጠቅለያው ውስጥ ሸጉጬ፣ ልጄን ታቅፌ፣ ከየኔታ ጋር ባጃጅ ገባሁ። ዋናው መንገድ ላይ የጋሪ ፈረሶች ሲያልፉን በእነሱ ቦታ ብሆን ብዬ ተመኘሁ፤ ማንም ፈረስን የመጨረሻው መቼ ነው ብሎ አይጠይቀውም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ መነጽር ያደረጉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሲስተር ብርቱካን ከጎናቸው ቆማለች፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ልቀመጥ ስል ቢላዋው ሾልኮ ወለሉ ላይ ጮኸ። ኃላፊው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። "የአራስ ብረት ነው፣ አይደንግጡ" አሉ የኔታ፣ ጎንበስ ብለው አነሡልኝ።

"እንግዲህ" አሉ ኃላፊው ደብዳቤውን እያስተካከሉ፣ "መሥሪያ ቤትዎ ባለሙያችን ተሳስታለች ይላል። እሷ ደግሞ የተነገረኝን ነው የጻፍሁት ትላለች። ካልጠራ ዓርብ ግምገማ ላይ ይቀርባል። ለትምህርት ዕድል ታጭታ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ደግሞ…" አልጨረሱትም።

"ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ" አለች ሲስተር ብርቱካን። "እርግጠኛ ነሽ ወይ ብያታለሁ። ሆድሽ ይቀድማል ብያታለሁ።" አንድ ጊዜ አየችኝና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። በቁጣ ብታየኝ ይቀለኝ ነበር፤ ያየችኝ ግራ በመጋባት ነው።

በቀኜ የኔታ አሉ፣ በግራዬ ይቺ ምስኪን ልጅ፣ ጡቴ ላይ የእኔዋ። ሃያው ቀን በዓይኔ መጣ። ሲስተር ብርቱካን ደብተሯን ይዛ ከትምህርት ቤት በር ስትመለስም መጣብኝ።

"ሚያዝያ አይደለም" አልሁ። "መጋቢት ሦስት ነው። አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ የዋሸኋት።"

ኃላፊው መነጽራቸውን አወለቁ። "ለምን? ሚያዝያ ከመጋቢት በምን ይሻላል?"

"ሁዳዴ ነበረ" አልሁ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። "የኔታ ይቆጥሩብኛል ብዬ ነው።"

"እኔ?" አሉ የኔታ። "ምኑን?"

"ቀኑን… ሊጠይቁኝ የመጡ ዕለት በጣትዎ ሲቆጥሩ አይቼ…"

"እኔማ የቆጠርሁት ሰማንያዋን ነው!" አሉ የኔታ በመገረም። "ክርስትናዋ ተጾሙ በፊት ይውል እንደሁ ብዬ፤ በግ ልግዛ ወይስ ልተው እያልሁ። ጾሙ ላይ ወደቀ፣ ተውሁት።"

እኔ የሞትሁት ግን ከዚያ በኋላ ነው። የኔታ አውራ ጣት ተነሣ። አሁን ወደ ኋላ ነው። ታኅሣሥ፣ ኅዳር፣ ጥቅምት፣ መስከረም፤ ጳጉሜንን እንኳ አልረሱም፤ ነሐሴ፣ ሐምሌ፣ ሰኔ… ኃላፊው ያያሉ፣ ሲስተር ታያለች፣ እኔ አያለሁ። ጣቱ የቀለበት ጣታቸው አንጓ ላይ ሲደርስ ቆመ። ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ማንም ሳይጠረጥረኝ፣ በገዛ አፌ ነበር ያስቆጠርኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

የኔታ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ መለሱ። ሲናገሩ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ጾም የገደፈ ሰው የነፍስ አባት አለው፤ እዚያ ይጨርሰዋል። እኔ አልጠየቅሁሽም፣ አልጠይቅሽምም። በዚች ሲስተር ላይ የተናገርሽውን ግን እኔ ፊት ነው የተናገርሽው፤ አምኜሽ ዝም አልሁ። እኔንም ተካፋይ አድርገሽኛል። በይ ተነሽ።"

ተነሣሁ። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ሲስተር ብርቱካን ልጄን ነጥቃ አቀፈቻት። "ተይ፣ ተይ፣ አራስ አይደለሽም እንዴ!" አለች፤ ስታለቅስም ድምፅዋ እስከ ካርድ ክፍሉ ተሰማ። የኔታም አብረውኝ ይቅርታ ጠየቁ። እሳቸው፣ ያን ያህል ሰው፣ ለእኔ ውሸት አንገታቸውን ደፉ። ከእፍረቴ ሁሉ እስከ ዛሬ ያልለቀቀኝ ያ ነው።

ኃላፊው በጽሑፍ ይሁን አሉ። በገዛ እጄ ጻፍሁት፤ ግልባጩም ወደነዚያው ቦታዎች ሁሉ ሄደ፣ መዝገብ ቤትም ጭምር። የሲስተር ብርቱካን ስም ከግምገማው ወጣ። አቶ ዘላለም ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበቡት ይባላል። መስመሪያቸውን አንሥተው ከታረመው የመውለጃ ቀኔ፣ ከታኅሣሥ ስምንት፣ ወደ ኋላ ሠላሳ ቀን ለኩ፣ ሃያ ቀኔን መለሱልኝ፣ ስለ ሌላው ምንም አላሉም። ቢሮ ስመለስ ግን ሠራተኛው ሁሉ ሰላምታ ሲሰጠኝ እንደ ሐዘንተኛ ረዘም አድርጎ ነበር የሚጨብጠኝ።

ለሁለተኛው ክትባት የሄድሁት ልጄ ሰባ አምስት ቀኗን ስትይዝ ነው። ሲስተር ብርቱካን መርፌውን ወጋቻት፣ አባበለቻት፣ ካርዷን መሙላት ጀመረች። ቆሜ አልሄድ አልሁ።

"ክርስትና እናት ትሆኛታለሽ ወይ ብዬ ነው" አልኋት በመጨረሻ።

ቀና አላለችም። ብዕሯ ካርዱ ላይ ቆሞ ቀረ። ከመጋረጃው ወዲያ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ፤ አሁንስ እውነት አቆሙ።

"መቼ ነው?" አለች።

"የካቲት ሃያ ስድስት።"

"እመጣለሁ" አለች ሲስተር ብርቱካን፣ ካርዱን እየሰጠችኝ። "ቀኑን ግን ከአንቺ አልቀበልም፤ የኔታን እጠይቃለሁ።"